ከ11 የመንገድ ዳር ዛፎቻችን 4ቱ ደርቀዋል፤ የቀሩትን እንዴት እናጽድቃቸው?

ጥላ ፈላጊ (ውይይቱን የከፈቱት)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በምንኖርበት መንገድ ግራና ቀኝ ባለፈው ዓመት የዝናቡ ወቅት ሊገባ ሲል 11 ዛፎች ተተክለው ነበር። ሲመጡ ከሰው ቁመት በላይ የነበሩ፣ ግንዳቸው የመጥረጊያ እንጨት እጥፍ የሚሆን፣ ቅጠላቸውም ለምለም ስለነበር ከዚያ በኋላ የሚቀረን ጥላቸውን መጠበቅ ብቻ መስሎን ነበር። ዝናቡ ካቆመ ሦስት ወር ሳይሞላ ግን የመጀመሪያው ጠወለገ፤ እስካሁን 4ቱ ሙሉ በሙሉ ደርቀዋል፣ 2ቱ ደግሞ ከጫፋቸው መድረቅ ጀምረው ድርቀቱ ወደ ታች እየወረደ ነው። የቀሩት 5ቱ ቅጠል አላቸው፤ ይሁን እንጂ ከተተከሉበት ቀን ወዲህ አንድ ጣት እንኳ የጨመሩ አይመስሉም።

ነገሩ በቸልተኝነት የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ በየማታው ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ጆግ ውሃ ስናጠጣ መቆየታችንን ልግለጽ። ከመካከላችን አንዱ ሲቀር ሌላው ይተካል እንጂ ዛፎቹ ውሃ ሳያገኙ ያደሩበትን ቀን አላስታውስም። ለዚህም ነው የሞቱበት ምክንያት ግራ ያጋባኝ። የምጠይቀው የሞቱትን ምን ገደላቸው፣ የታመሙት ሁለቱ ሊድኑ ይችላሉ ወይ፣ በሞቱትስ ቦታ ወዲያውኑ ሌላ መትከል ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ነው። አንደኛው ጎረቤቴ ማዳበሪያ እንጨምርባቸው ይላል፤ እኔ ግን የእናንተን ምክር ሳልሰማ ምንም ላለመንካት ወስኛለሁ።

ልኬት ይቅደም

ጥላ ፈላጊ፣ ትጋታችሁን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ውሃው ሥሩ ጋ እየደረሰ አይመስለኝም። ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የፈሰሰ 1 ሊትር ውሃ እኩል ቢዘረጋ ከፍታው 1 ሚሊ ሜትር ነው። የዛፉ ዙሪያ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ቢሆንና ጆጋችሁ 2 ሊትር ቢይዝ፣ በየማታው የሰጣችሁት የ2 ሚሊ ሜትር ካፊያ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በደረቀ አፈር ላይ ሲያርፍ ከአንድ ወይም ከሁለት ሴንቲ ሜትር በታች ሳይወርድ ይቀርና በማግስቱ ፀሐይ ከረር ስትል ተመልሶ ይተናል። ከላይ የረጠበው አፈር ዓይንን ያታልላል እንጂ፣ የዛፉ ሥር ያለበት አፈር ደረቅ እንደሆነ ነው የሚከርመው።

የሳምንቱ ድምር ራሱ 14 ሊትር ብቻ ነው። የገለጹት ዓይነት ውፍረት ያለው ዛፍ በሞቃትና በደረቅ ወራት በሳምንት ከ40 እስከ 60 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ ቀስ እያለ የሚሰርግ መሆን አለበት። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ርካሽ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከታች በምስማር ሁለት ቦታ እበሳና ሞልቼ ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ውሃው ወደ መንገዱ ሳይሸሽ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። በማግስቱ ጠዋት ረዘም ያለ ካቻቢቴ ወደ አፈሩ ይሰኩ። እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያለ ችግር ገብቶ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ በቂ ነው። ካልገባ ደግሞ ሌላ ችግር አለ ማለት ነው።

የሥር ወዳጅ

ልኬት ይቅደም ስለ ውሃው የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ይሁንና አንድ ነገር አስተውሉ፤ 11ዱም ዛፎች ያገኙት ውሃ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ 4ቱ ሲሞቱ 5ቱ ተርፈዋል። ጥማቱ የጋራ ከነበረ፣ ልዩነቱን የፈጠረው ከመሬት በታች ያለ ነገር መሆን አለበት። የመንገድ ዳር ዛፎችን በመንከባከብ ሥራ ብዙ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ዛፍ ሲሞት ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ቅጠሉን ይመለከታል፣ የሞቱ ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከሞቱት አንዱን ንቀሉት። ይህን የምለው ለማዘን ሳይሆን ለመመርመር ነው፤ የሞተ ዛፍ የሚያስተምረውን ያህል የሚያስተምር መጽሐፍ አላገኘሁም። እኔ ከዓመታት በፊት በአንድ መንገድ ላይ የደረቀ ዛፍ ለማውጣት ዶማና አካፋ ይዤ ሄጄ፣ ግንዱን በአንድ እጄ ያዝ አድርጌ ወዝወዝ ሳደርገው ሙሉው በእጄ ቀረ። ሥሩ በችግኝ ጣቢያ ያደገበትን ዕቃ ቅርጽ እንደያዘ፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ተጠማዝዞ፣ ከተተከለ ሁለት ዓመት ሆኖት ሳለ አንድም ሥር ወደ ውጭው አፈር አልወጣም ነበር። ፕላስቲኩ ተነሥቶ ነበር፤ የተጠማዘዘውን ሥር ግን የፈታው ወይም የቆረጠው አልነበረም። ዛፉ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረው በዚያች ጓል ውስጥ ባለው አፈር ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሥር ጊዜ ቢያገኝ እንኳ እየወፈረ ሲሄድ ራሱን ግንዱን ያንቀዋል።

ሁለተኛው መመርመር ያለበት ነገር የተከላው ጥልቀት ነው። ማንኛውም ዛፍ ግንዱ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ሰፋ ይላል፤ የመጀመሪያዎቹ ወፋፍራም ሥሮች የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ይህ የሥር አንገት ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። ግንዱ ልክ እንደ ተቸከለ እንጨት ቀጥ ብሎ ወደ አፈር ከገባ ዛፉ ጠልቆ ተተክሏል፣ ወይም ከተተከለ በኋላ አፈር ተቆልሎበታል ማለት ነው። የግንድ ቅርፊት እርጥበትን እንደ ሥር ቅርፊት መቋቋም አይችልም፤ ተቀብሮ ሲቆይ ይበሰብሳል። ሥሮቹም ከልክ በላይ ወርደው አየር ያጣሉ። ሰው ዛፍን በጥልቀት መትከል ጥብቅ የሚያደርገው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከላይኛው ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ባለው አፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን የሚሄዱ መሆናቸው ነው። በእጃችሁና በትንሽ እንጨት ብቻ እየፈለፈላችሁ የሥር አንገቱን እስክታገኙ ድረስ ውረዱ፤ በአካፋ ከሆነ ቅርፊቱን ትልጡታላችሁ።

ሦስተኛው የአፈሩ ጥቅጥቅነት ነው። ጤናማ አፈር ከይዘቱ ግማሽ ያህሉ ክፍተት ነው፤ ያ ክፍተት አየርና ውሃ ይፈራረቁበታል። ከእግረኛ መንገድ ሥር ያለው አፈር ግን ንጣፉ እንዳይሰምጥ ተብሎ ሆን ተብሎ የተደቀደቀ ነው። ለመንገዱ የሚበጀው ለዛፉ እንደማይበጅ ልብ ይሏል። ጉድጓዱ እንዲህ ባለ መሬት ውስጥ እንደ እንስራ ተቆፍሮ ከሆነ፣ በዝናብ ጊዜ ውሃ ያቁርና ሥሩን ያፍናል፣ በበጋ ደግሞ ሥሩ ወደ ጎን መውጫ ያጣል። አንድ ዛፍ በአንድ ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ሰጥሞ ኋላም ተጠምቶ ሊሞት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ያያችሁትን መልሳችሁ ጻፉልን።

ሕግ አዋቂ

እኔ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል ላንሣው። ዛፍ የተከለው አካል የማጽደቅም ግዴታ አለበት፤ ነዋሪው ከሥራ መልስ ጀሪካን ተሸክሞ እንዲዞር የሚጠበቅበት ለምንድን ነው? የተተከለው ቁጥር በየጊዜው ይነገራል፣ የጸደቀው ቁጥር ግን አይጠየቅም። በተከላ ውል ውስጥ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት እንክብካቤ ካልተካተተ፣ ክፍያውም በሦስተኛው ዓመት በሕይወት ካለው ዛፍ ጋር ካልተያያዘ፣ ተቋራጩ ጉድጓድ ሞልቶ ለመሄድ ብቻ ነው የሚቸኩለው። በበኩሌ የጥላ ፈላጊን ጎረቤቶች ከማመስገን አልፎ ሸክሙ የእነርሱ ነው ማለት አልችልም።

ልኬት ይቅደም

ሕግ አዋቂ፣ ስለ ውሉ ያሉት እውነት ነው፤ የትኛውም ከተማ ቢሆን ለተከላ የመደበውን ያህል ለውሃ ቦቴና ለውሃ አጠጪ ካልመደበ ገንዘቡን ቀብሮታል። ነገር ግን ዛፉ ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ቁጥሩን ከጠየቁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ ቀደም ሲል የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ የመንገድ ዳር ዛፍን አማካይ ዕድሜ ከ19 እስከ 28 ዓመት አድርጎ አስልቶታል። ይህም በየዓመቱ ከ100 ዛፎች ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ይሞታሉ እንደ ማለት ነው። ጥሩ እንክብካቤ ቢኖርም ጥቂት መሞታቸው አይቀርም፤ በአንድ ዓመት ከ11 ውስጥ 4 መሞት ግን ከተለመደው እጅግ የራቀ ስለሆነ፣ የሥር ወዳጅ እንዳሉት ምክንያቱን መፈለግ ተገቢ ነው።

ጥላ ፈላጊ

ክቡራን፣ በሰጣችሁኝ ምክር መሠረት ከአንደኛው ጎረቤቴ ጋር ቅዳሜ ሙሉ ጠዋት ስንመረምር ዋልን። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

ከሞቱት 4 ዛፎች መካከል ሁለቱን ነቅለናል። የመጀመሪያው የሥር ወዳጅ እንዳሉት ያለ ብዙ ትግል ወጣ፤ ጓሉ የዕቃውን ቅርጽ እንደያዘ ነበር፣ በታችኛው በኩልም ጣት የሚያህል ሥር ሁለት ዙር ተጠምጥሞ አገኘን። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ነው የተተከለው። ከጎኑ ብቻ በቢላ የተሰነጠቀ ይመስላል፤ ምናልባት ለማውጣት ተጀምሮ የተተወ ይሆናል። ጉድጓዱ ውስጥ የሲሚንቶ ፍርስራሽና የንጣፍ ስብርባሪ ሞልቶ ነበር፤ ጎረቤቴ ፍርስራሹን ለብቻው ሲያከማች ሁለት ባልዲ ሞላ።

በሕይወት ካሉት ከሰባቱ መካከል ጫፋቸው እየደረቀ ያሉትን ሁለቱን በእጃችን ስንፈለፍል በአንደኛው የሥር አንገቱ 9፣ በሌላኛው 14 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ተገኘ። የተቀበረው ቅርፊት ጥቁርና ለስላሳ ሆኗል፤ በጥፍሬ ስነካው ግን ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ነው። ደህና ከሚመስሉት አምስቱ ሦስቱ በትክክለኛው ልክ የተተከሉ ናቸው፤ ሁለቱ ጥቂት ጠልቀዋል። ካቻቢቴው በየትኛውም ዛፍ ዙሪያ ከአራት ጣት በላይ አልገባልኝም፤ በአንደኛው ላይ እንዲያውም ጎበጠ።

ያላሰብኩት ሌላ ነገርም አየሁ። ሁሉም ዛፎች ከካስማ ጋር የታሰሩት በሽቦ ነው፤ በሦስቱ ላይ ሽቦው ቅርፊቱን ቆርጦ መግባት ጀምሯል።

የቆየ አትክልተኛ

ሽቦውን ዛሬውኑ ቁረጡት፤ የሚያድር ጉዳይ አይደለም። ዛፉ በቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን በኩል ነው። ሽቦ ዙሪያውን ከቆረጠው ቅጠሉ ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሥሩ በረሃብ ይሞታል። ወደ ቅርፊቱ ዘልቆ የገባውን ክፍል በኃይል አትሳቡት፤ ግራና ቀኙን ቆርጣችሁ በቀላሉ የማይወጣውን እዚያው ተዉት።

ስለ ካስማው ግን ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ዛፉ ራሱን ችሎ መቆም ከቻለ ካስማ አያስፈልገውም። ግንድ የሚወፍረውና ከታች የሚጠነክረው ነፋስ ሲያወዛውዘው ነው፤ አጥብቆ የታሰረ ዛፍ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ያድግና ካስማው በተነሣ ዕለት ይጎብጣል። ድጋፍ ካስፈለገ ዝቅ ብሎ፣ ከግንዱ ቁመት ሲሶ ባልበለጠ ቦታ፣ በሰፊና ለስላሳ ማሰሪያ ላላ ተደርጎ ይታሰር፤ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ተቆርጦ ለዚህ በጣም ይመቻል። በዓመቱም ይነሣ።

መንገደኛ 12

ይቅርታ፣ ካስማዎቹ ከተነሡ ብስክሌት የሚያስደግፈውና መኪና የሚያቆመው ሰው ግንዱን ይገጫል። እኛ ጋ የካስማው ጥቅም ዛፉን ማቆም ሳይሆን ሰውን ማራቅ ነው።

የቆየ አትክልተኛ

መንገደኛ 12፣ ልክ ነዎት፤ ያ ግን አጥር ይባላል። ሦስት ወይም አራት እንጨት ከግንዱ ራቅ ብሎ ይተከልና ዛፉ ሳይታሰርበት በመካከሉ ይቁም። የሣር ማጨጃ ማሽንም ከግንዱ ይርቃል፤ እኔ እስካሁን ካየኋቸው የግንድ ቁስሎች ብዙዎቹ በነፋስ ሳይሆን በማጨጃ ገመድ የመጡ ናቸው።

የሥር ወዳጅ

ጥላ ፈላጊ፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር ምርመራ ከባለሙያም አይገኝም። አሁን በቅደም ተከተል እንሂድ።

14 ሴንቲ ሜትር የጠለቀው ገና አንድ ዓመቱ ስለሆነና ሥሩም ሩቅ ስላልሄደ፣ ከነጓሉ አውጥቶ በትክክለኛው ልክ መልሶ መትከል ይቻላል። ይህ ሥራ ግን በሙቀት አይሞከርም፤ ዝናብ ሊጀምር ሲል፣ ሰማዩ ዳመና በሆነበት ቀን አድርጉት። ጉድጓዱን ወደ ጎን ከጓሉ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ አስፉት፤ ጥልቀቱ ግን ከጓሉ ቁመት እንዳይበልጥ፤ ከታች የተፈታ አፈር ካለ ዛፉ እየሰመጠ ይሄዳል። የጓሉን ዙሪያ በመጋዝ ወይም በስለታም ቢላ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ላጡት፤ የተጠማዘዙት ሥሮች ተቆርጠው አዲስ ሥር ወደ ውጭ ይልካሉ። ሥር መቁረጥ እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ፤ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ እጄ ተንቀጥቅጧል። ጉድጓዱን መልሳችሁ ስትሞሉ ከዚያው የወጣውን አፈር ከፍርስራሹ ለይታችሁ ተጠቀሙ። ጉድጓዱን ብቻ በለስላሳና በሰባ አፈር መሙላት ሥሩ እዚያው ተመችቶት እንዲቀር ያደርገዋል፤ ብስባሽ ካላችሁ ከላይ አልብሱት።

9 ሴንቲ ሜትር የጠለቀውንና ጥቂት የጠለቁትን ሁለቱን መንቀል አያስፈልግም፤ ከሥር አንገታቸው ዙሪያ አፈሩን አንሡና እንደ ገበቴ ጎድጎድ አድርጋችሁ ክፍት ተዉት። ግንዱን የሚሻገር ቀጭን ሥር ካገኛችሁ አሁኑኑ ቁረጡት።

ከጫፋቸው የደረቁትን ቅርንጫፎች በጥፍር ፋቅ ፋቅ እያደረጋችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ ከቅርፊቱ ሥር ቡናማና ደረቅ የሆነው ሞቷል፣ አረንጓዴው ሕያው ነው። የሞተውን ብቻ ቁረጡ። ሥሩ ስለተጎዳ ቅርንጫፉም መቀነስ አለበት የሚል አሮጌ ልማድ አለ፤ አትቀበሉት፤ አዲስ ሥር የሚሠራው ቅጠሉ በሚያዘጋጀው ምግብ ነው። የቆረጣችሁበትን ቦታም ቀለም ወይም ሬንጅ አትቀቡት። አሌክስ ሺጎ የተባለው አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያም በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ግንዶችን በመጋዝ እየሰነጠቀ ባደረገው ምርምር፣ ዛፍ የተጎዳውን ክፍል ከጤናማው በውስጣዊ ግድግዳ እንደሚያጥርና ቅባቱም መበስበስን እንደማያስቀር አሳይቷል።

ማዳበሪያውን በተመለከተ ጎረቤትዎን በትሕትና ያስቁሙልኝ። ጨው ያለበት ማዳበሪያ ለተጠማና ለቆሰለ ሥር ሸክም ነው፤ ዛፉ ምግብ ያጣው አፈሩ ስለደኸየ ሳይሆን መሳቢያው ሥር ስላልተዘረጋ ነው።

ጥላ ፈላጊ

ጎረቤቴ ይህን መልስ አንብቦታል፤ ማዳበሪያውን ለጓሮው ተክል ሊጠቀምበት ወስኗል። ጉዝጓዝ ማልበስስ ይመከራል? የተፈለጠ የእንጨት ቅርፊትና ፍልጥፋይ በነፃ የምናገኝበት ቦታ አለ።

የቆየ አትክልተኛ

ለወጣት ዛፍ ከውሃ ቀጥሎ ከጉዝጓዝ የሚበልጥ ነገር አላውቅም። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ በተቻለ መጠን ሰፋ አድርጋችሁ አልብሱት፤ እርጥበቱን ይይዛል፣ የአፈሩን ሙቀት ያበርዳል፣ የእግርን ኮቴ ይችላል፤ ከሥሩ የሚርመሰመሱት ትላትሎች ደግሞ የተደቀደቀውን አፈር ከማናችንም ዶማ በተሻለ ቀስ በቀስ ይፈቱታል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ግንዱ ላይ እንደ ጉንዳን ኩይሳ አትቆልሉት። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ አለበለዚያ አሁን ፈልፍላችሁ ያወጣችሁትን የሥር አንገት መልሳችሁ ቀበራችሁት ማለት ነው።

አፈርና ድንጋይ

በሞቱት ቦታ ስለ መተካት የተነሣው ጥያቄ ስላልተመለሰ እኔ ልሞክር። ወዲያውኑ አትትከሉ። ዛፍ የገደለ ጉድጓድ ምክንያቱ ሳይወገድ ሁለተኛውንም ይገድላል። ቀላል ፈተና አለ፤ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ በውሃ ሙሉት፣ ሲሰርግ መልሳችሁ ሙሉትና ቆጥሩ። በሰዓት 2 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ከወረደ መልካም ነው፤ በማግስቱም ውሃው ቆሞ ከተገኘ ግን እዚያ ማንኛውንም ዛፍ መትከል ልፋት ነው፤ መጀመሪያ ውሃው የሚወርድበት መንገድ ይበጅ።

በረጅም ጊዜ ግን የመንገድ ዳር ዛፍ ዕጣ የሚወሰነው ሥሩ በሚያገኘው የአፈር መጠን ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነች ቀዳዳ ውስጥ የተተከለ ዛፍ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቢሻገር እንኳ ወይ ባለበት ይቆማል፣ ወይ ንጣፉን ፈንቅሎ ይወጣል። ስቶክሆልም ከተማ ለዚህ ያገኘችው መፍትሔ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከእግረኛ መንገዱ ሥር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚያህሉ ትላልቅ ድንጋዮች ይደለደሉና ይደቀደቃሉ፤ በድንጋዮቹ መካከል በሚቀረው ክፍተት ውስጥ አፈር በውሃ ታጥቦ እንዲገባ ይደረጋል። የመንገዱን ክብደት ድንጋዩ ይሸከማል፣ ሥሩ በመካከሉ ይሄዳል፣ አየርና የዝናብ ውሃም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ መግቢያ ይወርዳል። ኋላ ላይም ለአፈሩ ከዕፀዋት ተረፈ ምርት የሚሠራ ከሰል መቀላቀል ጀምረዋል። ይህን ጎረቤቶች ብቻቸውን ሊሠሩት አይችሉም፤ መንገዱ በሚታደስበት ጊዜ ግን ማንሣት የሚገባ ጥያቄ ነው። ለጊዜው በሁለት ዛፎች መካከል ያለውን ጥቂት ንጣፍ አስነሥቶ ቀዳዳዎቹን ወደ አንድ ረጅም መደብ መቀየር ከተፈቀደላችሁ ትልቅ ለውጥ ነው።

ስለ ዝርያም አንድ ነገር ልበል። 11ዱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ተተኪዎቹን ከሌላ ዓይነት ምረጡ። ሳንታሞር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው መለኪያ ይታወቃል፤ በአንድ ከተማ ከዛፎቹ ከ10 በመቶ በላይ አንድ ዝርያ፣ ከ20 በመቶ በላይ አንድ ወገን፣ ከ30 በመቶ በላይ አንድ ቤተሰብ እንዳይሆን ይመክራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት ዛፍ የተሸፈኑ መንገዶች አንድ የፈንገስ በሽታ ገብቶ ባዶ አስቀርቷቸዋል።

ሕግ አዋቂ

ክርክሬን አልተውኩም፤ ነገር ግን የሚያስማማን ነገር ያገኘሁ ይመስለኛል። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2003 የተተከሉ ከ13,000 በላይ የመንገድ ዳር ዛፎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ ከ4ቱ 3ቱ ገደማ በሕይወት ተገኝተዋል። በዛፉ ዙሪያ የሰው እንክብካቤ ምልክት፣ ማለትም የተተከለ አበባ፣ የለበሰ ጉዝጓዝ ወይም የተሠራ አጥር ባለበት የተሻለ ጽድቀት ታይቷል። ስለዚህ የነዋሪው እጅ ዋጋ እንዳለው እቀበላለሁ። ግን የጥላ ፈላጊ አሠራር አንድ ጉድለት አለበት፤ ሦስት ሰዎች 11 ዛፍ በጋራ ሲያጠጡ የማንም የሆነ ዛፍ የለም። ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ቤት ስሙ ይጻፍ፣ ውሃ የጠጣበት ቀን ይመዝገብ፤ ስለ ፕላስቲኩና ስለ ፍርስራሹም ፎቶ ተነሥቶ ተከላውን ላሠራው አካል በጽሑፍ ይቅረብ።

ጥላ ፈላጊ

ከስምንት ወር በኋላ ነው የምመለሰው፤ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

14 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ የነበረውን ዛፍ ዝናቡ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አውጥተን መልሰን ተከልነው፤ አልዳነም። ጓሉን ስንላጥ ከግማሽ በላይ የሆነው ሥር ጠቁሮ፣ የረጋ ውሃ ሽታ ይዞ ነበር፤ ምናልባት ዘግይተን ይሆናል። ሌላኛው የታመመ ዛፍ ግን ከግንዱ መሐል አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቷል። አምስቱም በሕይወት አሉ፤ የዘንድሮውን ዕድገት ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ስለካ በጣም የጨመረው 31፣ ከሁሉም ያነሰው 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ካቻቢቴው ጉዝጓዝ በለበሱት ሥር አሁን እስከ እጀታው ይገባል፤ በአንደኛው ዛፍ ዙሪያ ግን ሰው እያቋረጠ ስለሚሄድበት ገና ድንጋይ ነው።

ስድስት ቤቶች ስድስት ዛፍ ተረክበዋል። በሳምንት ሁለት ጀሪካን ነው የምንሰጠው፤ መዝገቡ በእኔ በር ላይ ተለጥፏል፣ አንድ ጎረቤታችን ሁለት ሳምንት ሲዘል ልጁ ናት አይታ የነገረችው። በጽሑፍ ላቀረብነው አቤቱታ የተሰጠን መልስ ለመተኪያ የሚሆኑ 5 ዛፎች እንደሚመጡ ነው፤ ሲመጡ ከጉድጓዱ ከመግባታቸው በፊት ፕላስቲኩ መውጣቱንና የሥር አንገቱ የት እንዳለ ቆመን ለማየት ተስማምተናል። የውሃውን ፈተና በአምስቱም ባዶ ቦታዎች አድርገናል፤ በአንደኛው ውሃው ሁለት ቀን ቆሟል። እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደምናደርግ አፈርና ድንጋይ ቢመክሩኝ ደስ ይለኛል።

አፈርና ድንጋይ

እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ድረስ በቀጭን ብረት ወግታችሁ ጠንካራው ንብርብር የት እንደሚያልቅ ፈልጉ። ከእርሱ በታች ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ካለ ሦስት ወይም አራት ቦታ በስታችሁ በጠጠር ሙሉት፤ ከሌለ ያንን ቦታ ተዉትና አምስተኛውን ዛፍ የምትተክሉበት ሌላ ቦታ ፈልጉ።